ልመና የከለከሉን ጋሽ ፈቃድህ

ሊፍት ጠጋኙ ጋሽ ፈቃድህ ከጋራዥ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። «ፈቃድህ» የጎረቤት ስጦታ እንጂ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ እንዴት እንዳገኙት ወደ በኋላ ይነገራል። በስንብታቸው ላይ የሚነበበውን ይህን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ መጀመሪያ የተጠየቁት ልጆቻቸው ናቸው። ወንዱ ሥራ በዛብኝ አለ፣ ሴቷ ስልኳን ዘጋች። ዕዳው የባለቤታቸው ታናሽ እህት ላይ ወደቀ። እሷ ደግሞ በሟች ላይ ጥርሷን ከነከሰች ቆይታለች። አንቱታውን እንደ ወጉ ለሟች ታቀርባለች፤ ባለቤታቸውን ግን እህቷ ናትና እንደለመደችው «እሷ» ትላታለች።

ጋሽ ፈቃድህ ትምህርት ቤት በገቡ በዓመቱ አባታቸው ታመሙ። እናታቸው የስፌት መኪናውን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርገው፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በተበተነበት ወለል ላይ ተንበርክከው ቀን ከሌት ለመኑ። አባትየው አልተረፉም። ከቀብር መልስ አንድ የጸሎት ቤት ሽማግሌ መጥቶ፣ «እህቴ፣ ስትለምኚ ተጠራጥረሽ ይሆናል እንጂ እግዚአብሔርስ እምቢ አይልም» አላቸው። ሟች ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። እናታቸው ከዚያ በኋላ ለማንም ጸልየው አያውቁም። ይህን ሟች ራሳቸው ለእጮኛቸው አጫውተዋታል። ነገሩ አንጀት ይበላል፤ የጸሐፊዋንም በልቷል። ቢሆንም የሽማግሌው ጥፋት የሽማግሌው ነው፣ ልጁ አድገው የሠሩት ደግሞ የራሳቸው።

የቴክኒክ ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ የጽሕፈት ቤቶች ሕንፃ ውስጥ በሊፍት ጥገና ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው አገለገሉ። በሥራቸው ሐሜት አይነካቸውም። ደወል ከተደወለ የጀመሩትን ምሳ ትተው በደረጃው ሽቅብ ይሮጣሉ። አፋቸውን በበሩ ስንጥቅ ላይ አስጠግተው «አይዞህ፣ መጣሁ፣ ከበሩ ራቅ በል» ሲሉ ውስጥ የተዘጋው ሰው ነፍሱ ትመለስ ነበር። ይህን ደግነት ቤታቸው ይዘው ቢገቡ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አጭርና ጣፋጭ በሆነ።

የዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ የነበረችውን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በየሳምንቱ ሳሎናቸው ውስጥ የጸሎት ጉባኤ ያደርጉ ነበር። ትምህርታቸው አንድ ነው፦ እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ወስኗል፤ ስለዚህ ሰው ለሰው ሲጸልይ «ፈቃድህ ይሁን» ብሎ ማብቃት አለበት፤ ከዚያ ያለፈው አምላክን ማዘዝ ነው። ከላያቸው ፎቅ የምትኖረው መበለት «ልጄን ከእስር ፍታልኝ» ብላ ስትጀምር ጋሽ ፈቃድህ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ምስኪኗም ደንገጥ ብላ «ፈቃድህ ይሁን» ትልና ትቀመጣለች። ሥራ ላጣ ባሏ የምትለምነውም፣ ዓይኑ ለሚደክም ወንድሙ የሚለምነውም በዚያው ጉሮሮ ተመለሱ። ሰው ደረጃውን ሲወርድ እየሳቀ ስም አወጣላቸው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ።

ከዚያ ሁለተኛዋ ልጃቸው በትኩሳት ወደቀች። ባለቤታቸው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ አልጋ የሚገፉ ሰዎች እየዞሯት ሲያልፉ፣ ተንበርክካ «አትውሰዳት፣ ምን ቸገረህ፣ ተዋት» እያለች ትለምን ነበር። ጋሽ ፈቃድህ መጥተው ብብቷ ሥር ይዘው አነሷት።

«ጌታን አታዢውም። ፈቃድህ ይሁን በይና ተቀመጪ» አሏት።

«ሊፍት ውስጥ የተዘጋ ሰው ሲደውል፣ የሕንፃው ባለቤት ያውቃል ብለህ ምሳህን ትበላለህ?» አለቻቸው።

«እሱ ሌላ ነው» አሉ፤ «ፈቃድህ ይሁን» እስክትልም ድረስ ክንዷን አልለቀቁም። አለች። ልጅቷ ሳይመሽ ሞተች።

ጸሐፊዋ፣ እናት ብትለምን ልጇ ትድን ነበር አትልም። እንደዚያ ካለች ከሽማግሌው በምን ትሻላለች? የምትለው ሌላ ነው። እህቷ ልጇ ስትሞትባት የምትጮኽበት አፍ ነበራት፣ ጩኸቷን የሚሰማ አምላክም ነበራት። ጋሽ ፈቃድህ ሁለቱንም በአንድ ቀን ወሰዱባት። ሰውየው አምላካቸውን ከወቀሳ ሊያድኑ ፈልገው ይሆናል፤ እሱ ጠበቃ አቁሙልኝ ያለበት ቀን ግን አይታወቅም።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ማንም ለማንም አልለመነም። ልጆቹ ሲታመሙ መድኃኒት ይዋጣል፣ ሲፈተኑ ይጠናል፣ በቃ። አድገው ወጡ፤ ሲወጡም ማንም በደህና ያግባችሁ አላላቸውም።

ጋሽ ፈቃድህ ጡረታ በወጡ በጥቂት ዓመት ሳንባቸው ተጎዳ። ደረጃ ሲሮጡ የኖሩት ሰው ከአልጋ እስከ መስኮት መድረስ አቃታቸው። ሊሞቱ ሰሞን ባለቤታቸውን ጠርተው «እስኪ ለምኚልኝ» አሏት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ «ፈቃድህ ይሁን» አለች።

«እሱን አይደለም» አሉ፤ «ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ እንዳልሽው።»

«እሱንማ ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩትም። ከየት ላምጣው?»

ጸሐፊዋ እዚያው ነበረች። በእህቷ ፊት ላይ ብቀላ ፈልጋ አጣች፤ ብታገኝ ደስ ይላት ነበር። ሴትየዋ የምሯን ጠፍቷት ነው። ሟች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሽ ፈቃድህ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውም በሕይወት አሉ።

ጸሐፊዋ የነፍሳቸውን ነገር «ፈቃድህ ይሁን» ብላ፣ ባስተማሩት ልክ ሰፍራላቸው ጽሑፉን ዘግታ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስታነብላት እህቷ ሌላው ሁሉ እውነት ስለሆነ ይነበብ አለች፤ ይህን ግን አሰረዘቻት። ከዚያ ኩሽና ውስጥ፣ እጇን እንኳን ሳታደርቅ፣ ሌላ አስጻፈቻት። ጸሐፊዋ ራሷ ለዚህ አሜን ለማለት ገና አልደረሰችም። ቃሉ ግን የባለቤታቸው ነው፣ እንዳለችው ይነበባል፦

«ፈቃድህ ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የምፈልገውን ግን ልንገርህ፦ ማረው።»