ቂጡ የተበላ ጥይት

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፰፻፹፩፣ እንጦጦ

ቀጥቃጩ ቱፋ እርሳስ በላ ተባለ! እኔም አፌን ዘግቼ ሰማሁ።

የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ሹም ባሻ ድንቁ የዛሬውን ጥይት አንድ በአንድ እየገለበጡ አዩ። ሁሉም ቂጡ ጎድጓዳ ነው። «ይህ ቀጥቃጭ እርሳሳችንን በላው! ቡዳ ቂጡን የበላው ጥይት ለወታደር ይሰጣል?» አሉ። ለእሳቸው ብረት ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው።

ጉድጓዱ ግን የቱፋ ሥራ አይደለም። ጠመንጃዎቹን ያመጣው አርመን ነጋዴ እርሳስ ቀልጦ የሚፈስበትን የጥይት ማውጫ ከነብረት ጉጡ ነው የሰጠን። እርሳሱን ከሥሩ የሚጎደጉደው ያ ጉጥ ነው። ባሻ ጉጡን ነቅለው ሰጡኝና «ጣልልኝ» አሉ። በረቱ ጀርባ ካለው የበቅሎ ፍግ ክምር ላይ ወረወርኩት። እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ምን አገባኝ አልኩ። ሆዳም!

ረቡዕ፣ ፲፮

ወንድሜ ጥላዬ መጣ። ሰኞ ማርያምን ተሳልሞ ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ የቅፍለቱ ጠባቂ ነው። መንገዱ ሽፍታ አያጣም። ጠመንጃው በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፤ ባሻ አርባ ጥይት ሰጡት፣ ሁሉም ያለ ጉጥ የወጣ፣ ቂጡ ድፍን። «ይከብዳል! ጥይት ማለት ይህ ነው» እያለ በመዳፉ መዘነው። እኔ መዝገቤ ላይ «አርባ ጥይት» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ፲፯

የካ ቁልቁለት ላይ ሙከራ። መቶ እርምጃ ላይ ቁርበት ተወጠረ።

የመጀመሪያው ጥይት ግማሽ መንገድ ላይ አፈር ቆፈረ። ሁለተኛው ቁርበቱን መታ፤ ቀዳዳው ግን የረዘመ ነው፣ ጥይቱ በጎኑ ገብቷል። ሦስተኛውን ጥላዬ አጉርሶ አፈሙዙን ወደ ታች ቢያዘነብል፣ ጥይቱ ተንከባሎ እግሩ ላይ ወደቀ። የሳቀ የለም።

ባሻ ጥፋተኛውን ወዲያው አገኙ። «ቱፋ ዓይኑን ጥሎበት ነው። ከፊቴ አርቁልኝ!» ምስኪኑን ከኮረብታው ጀርባ ላኩት። እንደገና ተተኮሰ፣ እንደገና አፈር። «ዓይኑ ተራራ ያልፋል» አሉ። አቤት!

ስንመለስ ቱፋን ጠየቅኩት። «ደብተራ፣ ጥይቱ በቀላሉ እንዲጎርስ ከአፈሙዙ ይቀጥናል። ባሩዱ ሲነድ ጉድጓዱን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ዳሩ እንደ ቀሚስ ይሰፋል፣ የአፈሙዙን ጠመዝማዛ ቦይ ይይዛል። ድፍኑ አይሰፋም። እሳቱ በጎኑ ያመልጣል። ይህን ለእርስዎ ልንገርዎት?» አለኝ። አርመኑ ሲያስረዳ አብሬው ቆሜ ነበር። አውቅ ነበር።

ዓርብ፣ ፲፰

ባሻ አዲስ ብልሃት አመጡ፤ ድፍኑን ጥይት በጨርቅ ጠቅልሎ ማጉረስ። ግማሽ መንገድ ላይ ተቀረቀረ። ጥላዬ መጠቅጠቂያውን ዘንግ በድንጋይ እየመታ ላብ አጠመቀው። «ባሻ፣ ሽፍታው እስካጎርስ ቆሞ ይጠብቀኛል?» አላቸው። ባሻ ተቆጡ።

እኔ ደግሞ ተደብቄ፣ ብዕር በምቀርጽበት ቢላ የስድስት ጥይት ቂጥ ፈለፈልኩ። ለባሻ እውነቱን ከመናገር ይህ ቀለለኝ። ጥላዬ ተኮሳቸው። አንዱ ወደ ግራ ጥድ ውስጥ ገባ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ የቀሩትን እግዜር ይወቅ። ቂጡ ከተንጋደደ ጥይቱም ይንጋደዳል። ጣቴ ቆስሏል። ራሴን ተጸየፍኩ።

ቅዳሜ፣ ፲፱

ባሻ ዘንድ ገባሁ። «ጥፋቱ የቱፋ አይደለም፣ ጉጡ ይመለስ» አልኩ። «ጣልልኝ እንጂ አጥፋልኝ አላልኩህም። ፈልገህ አምጣ!» አሉኝ።

ስለዚህ ፍግ ቆፈርኩ። በእጄ። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ትኩስ፣ ትል የሚርመሰመስበት። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ሽታው ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣ ብሏል። ቱፋ ሳልጠራው መጥቶ ማዶ ማዶውን ይቆፍር ጀመር። ያገኘውም እሱ ነው። ልብሱ ላይ ጠርጎ ሰጠኝና ወደ ሥራው ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ፳

ሰንበት ሻርን። ቱፋ አቀለጠ፣ እኔ አናፋሁ፣ የተረፉትን ድፍኖች መልሰን፣ ለተተኮሱት ሌላ እርሳስ ጨምረን አርባ ጎድጓዳ አወጣን። አንዱ ዳሩ ተሸርፎ ወጣ፤ ቱፋ መልሶ አቀለጠው። «ቂጡ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው» አለ።

ቀትር ላይ ቂጣ በኑግ ለውሶ፣ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋልኝ። አምስት ዓመት አብሬው ስሠራ ከእጁ በልቼ አላውቅም። የአንገቴን ክታብ ያሠራሁት እሱን ፈርቼ ነው። ጎረስኩ። ጣፈጠኝ፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። «ከእንግዲህ አንተ በለኝ» አልኩት። ወደ እርሳሱ ተመለሰ።

ሰኞ፣ ፳፩፣ ማርያም

ጥላዬ ሄደ። የካ ቁልቁለት ሲደርስ አንዷን ቁርበቱ ላይ ሊሞክራት፣ ከመታ ነጠላውን ሊያውለበልብልኝ ተስማማን። ባሻ አጠገቤ ቆመው፣ «ቡዳው የበላውን እንዲመልስ አደረግሁት፤ ይህን ጻፍ» ይሉኛል። ብዕሬን አላነሣሁም።

ቱፋ አልነበረም። መንገደኛ በዓይኑ እንዳያይ ተከልክሏል።

ተኩሱ ተሰማ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ነጭ ነገር ከፍ አለ፣ ተውለበለበ። ባሻን ትቼ እስከ ቱፋ ወናፍ ድረስ ሮጥኩ።

«መታ! ቱፋ፣ መታ!»

ከእሳቱ ቀና ሳይል፣ «ቂጡ ነዋ፤ ምን መሰለህ?» አለኝ።

«መሰለህ» አለኝ።