ቀዳዳውን ዞረው ያለፉ ቃላት

ፔንዛንስ፣ ማርች 11 ቀን 1987

እማዬ፣ ናፍቆቴ፣

እንዴት ነሽ? የኒውዚላንድ አየር እንደተስማማሽ ወንድሜ ዴንዚል ጽፎልኛል፤ ተመስገን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ምን ደህና! ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ከትናንት ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም፤ የገዛሁት የሥጋ ፓስቲ ጠረጴዛው ላይ ደርቋል።

አባዬ ሳይጨርሰው የሞተውን መጽሐፍ ልጨርስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። አንቺ "ጣውንቴ" እያልሽ የምታሾፊበት ገጣሚ፣ ያ አገር የረሳው ትሬጌንዛ፣ ደብዳቤዎቹ በአባዬ አዘጋጅነት ሊታተሙለት ነው። ከሁሉም የሚያምሩት ለፍቅረኛው ለግሬስ የጻፋቸው ናቸው። አባዬ ካንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ስር አገኘኋቸው ያለን እነዚያ።

በትሬጌንዛ ዘመን፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ አይገባም ነበር፤ ወረቀቱን አጥፈው በሰም ያትሙታል። ተቀባዩ ሲከፍተው ሰሙ ወረቀቱን ቦጭቆ፣ ቃል ይዞ ይሄዳል። እኔም ስለፋ የኖርኩት የጎደለውን ቃል በመገመት ነው። ከግሬስ ደብዳቤዎች ግን አንድም ቃል አልጎደለም። ትናንት በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ቃላቱ ቀዳዳውን ዞረውት ያልፋሉ። ቀለሙም የተቀደደው ጠርዝ ውስጥ ሰርጓል። ወረቀቱ አስቀድሞ ተቀድዷል፤ የተጻፈበት በኋላ ነው። ማን እንደጻፈበት ለመገመት አዋቂ አያስፈልግም፤ አገኘኋቸው ያለን አባዬ ነው።

ነገ ጠዋት ደግሞ አቶ ናንኪቬል፣ የአሳታሚው ሰው፣ ዋናዎቹን ከእኔ ግልባጭ ጋር ሊያመሳክሩ ይመጣሉ። ዛሬ ደውለው ነበር።

"ልጄ፣ ሻይ አፍዪልኝ እንጂ ብስኩት አታሳዪኝ፤ ሐኪሙ ተቆጥቶኛል" አሉኝ እየሳቁ። "የግሬስን ከላይ አድርጊልኝ፣ በእነሱ ነው የምጀምረው።"

"እነሱ እንኳ ትንሽ አርጅተዋል" አልኩ።

"እኔስ ጎረምሳ ነኝ እንዴ? ደግሞ ያባትሽን ሥራ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማምነው!"

አይጨፍኑም እኮ! ወረቀት ሁሉ ወደ ብርሃን አንስተው የሚያዩ ሰው ናቸው። ካዩት አባዬ በመቃብሩ አጭበርባሪ ይባላል። ካላዩት ደግሞ ውሸቱ የእኔ ይሆናል። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እሳቸው የመጡ እየመሰለኝ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ።

አንዱን ደብዳቤ ወደ ምድጃው አስጠግቼ ነበር። ከመጣሌ በፊት ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ፦ "ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ አትሸፍኚው። ያቺን የተሸረፈች ጥርስ የሚጠላት ቢኖር እኔ አይደለሁም።"

እማዬ፣ ሲስቅ አፉን የሚሸፍነው ማነው? እኔና ዴንዚል "እጅሽን አውርጂ!" እያልን ስንጎትትሽ፣ አባዬ ከወረቀቱ ቀና እንኳ አይልም ነበር። አንቺም "ግድግዳ አግብቼ ቀረሁ" ትዪ ነበር። ለካ ግድግዳው ይሰማ ነበር።

አሁን ከአቶ ናንኪቬል ይልቅ የሚያስፈራኝ ያንቺ ነገር ነው። አንዲት መልካም ቃል ስትጠብቂ አርጅተሽ፣ ይሄን ስታነቢ ምን እንደምትሆኚ አላውቅም። ዴንዚል አጠገብሽ ይቀመጥ።

አላቃጠልኳቸውም። ነገ በሩን ስከፍት፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። የግሬስ ደብዳቤዎች ከመጽሐፉ ይወጣሉ፤ ሰውም ያለውን ይበል። ዋናዎቹን ሲመልሱልኝ እልክልሻለሁ። ለጊዜው በእጄ የገለበጥኳቸውን ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ።

አምላክ ልብሽን ያበርታልኝ፣ ባሕሩንም አሻግሮ ያገናኘን። ስታነቢያቸው ከላይ "ግሬስ" የሚለውን ስም እለፊው፤ ያንቺ ናቸው።

የምትፈራዋ ልጅሽ፣
ሎዊና