ትከሻ ብቻ የሚያይ አዳራሽ

ሙሬ፣ ቅናት ሊገድለኝ ነው! ሐዋሳ እኔ ታፕ ዳንስ ስጀምር ሰው ፀጥ ብሎ የእግሬን ድምፅ ይሰማል። እዚህ ቦሌ፣ ላሳይ በመጣሁበት ሆቴል ግን፣ ብረት ያስመታሁበት ጫማዬ እስኪግል ብረግጥ ሁሉም ክትፎው ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ከእኔ ቀጥላ ሰምሃር የምትባል እስክስታ ወራጅ ትከሻዋን ገና ነቅነቅ ስታደርግ አዳራሹ ብድግ ይላል። እሁድ ዕለት «እስቲ ጫማህን አውሰኝ» አለችኝ። ሰፋት፤ ካልሲዬን ጠቅጥቃ አጠለቀችውና፣ ከታች እየረገጠች ከላይ ትከሻዋን ለቀቀችው። ሰው አበደ! ስንት ዓመት የለፋሁበት ጫማ እንዲህ ሲጨበጨብለት የመጀመሪያው ነው። እኔም በባዶ እግሬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሳላስበው አጨበጨብኩ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ለናዲያና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ፤ ማጨብጨቤን ግን እንዳትነግራቸው።

ሊባኖስ