የትኛው እግር ይቅደም?

መስከረም 14

የአልጋ እግር ስልግ ዋልሁ። ከሰዓት ያምሮት መጣች፣ የታላቅ እህቴ የእማዋይሽ ልጅ። ባሕር ዳር የስፖርት ሳይንስ ተምራ ጨርሳለች። ይኸው ማንኩሳ እናቷ ቤት ከተቀመጠች ከረመች። ሥራ የለም።

«አጎቴ፣ ጣውላ ይሠሩልኛል?»

«ምነው፣ ልታገቢ ነው? አልጋ ነው?»

«ልቆምበት ነው። ውሀ ላይ።»

ሳቅሁ። አልሳቀችም። ኬንያ፣ ባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል ለእንግዶች ሰርፊንግ የሚያስተምሩ ልጆች ይፈልጋል አለችኝ። ጣውላ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት ነው። ፈተናው በሚመጣው ጥቅምት ጣና ላይ፣ የሞተር ጀልባ በሚያስነሣው ማዕበል። ዋና ታውቃለች። ጣውላው ላይ ግን ወጥታ አታውቅም።

እናትሽስ? አልኋት። «ዓይኔ እያየ ውሀ ላይ ካልቆመች ከዚህ አትነቃነቅም» ብላለች። እማዋይሽ ከተናገረች ተናገረች።

እሠራለሁ አልሁ። ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳላውቅ... ታዲያስ? በር መሥራትስ ማን አስተማረኝ?

መስከረም 17

ስልክ ላይ ቪዲዮ ሳይ ዋልሁ። ደንበኛ መጥቶ ሄደ አሉ፣ አልሰማሁም።

ለጀማሪ ረጅምና ሰፊ ጣውላ ነው የሚሻለው። አጭሩ ለአዋቂ ነው፣ ይገለብጣል። ከሆዱ፣ ወደ ጭራው በኩል፣ እንደ ዓሣ ክንፍ አለው፣ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ። ገመድ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት ጋር ይታሰራል፣ ስትወድቅ ጣውላው ጥሏት እንዳይሄድ። ዋንዛ መረጥሁ። ቀላል ነው። ቀላል ማለቴ... ከባሕር ዛፍ ይሻላል ማለቴ ነው።

የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን ማወቂያም አለው። ሰውየውን ሳያስበው ከኋላ ገፋ ታደርገዋለህ። እንዳይወድቅ ፈጥኖ የሚያወጣው እግር፣ እሱ ነው የፊቱ። ይሄን ሳይ ደስ አለኝ። ሰው የምገፋበት ምክንያት አገኘሁ!

መስከረም 19

ጅጋ ገበያ። ወዳጄን ወንድምአገኝን በቅሎውን ሲስብ ከኋላ ገፋሁት። ግራ። በቅሎዋ ከሱ ይልቅ ደነገጠች። ጨርቅ ነጋዴውን ጠሃን ገፋሁት። ቀኝ።

«አያ ይርሳው፣ ምን ነካዎት?»

«ሳይንስ ነው።»

«ወላሂ፣ ሳይንስዎ ከሆነ ከፊት ይምጡበት!»

አንድ ቄስም ፊት ፊቴ ይሄዱ ነበር... ተውኋቸው። እጄን ግን አሳከከኝ።

ስመለስ ማንኩሳ ወረድሁና ያምሮትንም ገፋኋት። ለካ ወሬው ቀድሞኝ እየጠበቀችኝ ነበር። ቀኝ እግሯን ቀስ አድርጋ አስቀደመች። እማዋይሽ ከደጅ ሆና «እሰይ! በቀኝ ያውልሽ!» አለች።

አለቀ። ቀኝ ይቅደም። ሙሽራም ቤት የምትገባው በቀኟ ነው። ውሀው ለምን ይለያል?

መስከረም 25

ጣውላው ተሠራ። ሆዱን ጥሩ አድርጌ የማር ሰም ቀባሁት፣ እንዲንሸራተት። ያምሮት ስታየው ጭንቅላቷን ያዘች።

«አጎቴ፣ ሰሙ እኮ ከላይ ነው! እግር እንዲይዝ!»

«ሰም ያንሸራትታል እንጂ ይይዛል እንዴ?»

«ሻከር ተደርጎ ሲቀባ ይይዛል።»

እሷ ከላይ ስትቀባ እኔ ከሥር ስፍቅ ዋልሁ። ያለ መምህር የተማረ ሰው እንዲህ ነው... ከሥር ይጀምራል።

መስከረም 27

ከማንኩሳ በታች ካለው የመስኖ ግድብ ዋልን። መጀመሪያ በደረት መተኛት። ወደ ፊት ስትጠጋ የጣውላው አፍንጫ ጠለቀ፣ እሷም አብራ። ወደ ኋላ ስትል አፍንጫው ሰማይ አየ፣ ጣውላው እንደ ሰነፍ በሬ አልሄድም አለ። ደጋግማ መሃሉን አገኘችው፤ አፍንጫው ከውሀው ጥቂት ጣት ከፍ ሲል ነው። ደረቷ ያረፈበትን በሚስማር ጫርሁላት። በእጇ ስትቀዝፍ ሄደ! ጮህሁ። እኔ ዋና አልችልም። የምዋኘው ዳር ቆሜ በአፌ ነው።

ማዕበል ግን ከየት ይምጣ? ወንድምአገኝ መላ አለኝ አለ። ገመድ ከጣውላው አፍንጫ ወደ በቅሎዋ። በቅሎዋ በዳር ትሮጣለች፣ ያምሮት ትነሣለች።

መስከረም 28

ወደቀች።

መስከረም 30

ዛሬም።

ጥቅምት 3

ምኑ ነው? እንደተባለው ቀኝ እግሯን ታስቀድማለች። ጉልበቷን ታጥፋለች። እግሯን ሳይሆን ፊት ለፊት ታያለች። ከዚያ ጧ! ጣውላዬ ተጣምሞ ይሆን? ክንፉን ነቀልሁ፣ መለስሁ። አሁንም ነቀልሁ። መቀመጥ አቃተኝ። አልጋ ያዘዘኝ ሰው መጥቶ ሦስት እግር ብቻ እንደገጠምሁለት እሱ አሳየኝ።

«ለግድግዳ ተጠግተህ ተኛ» አልሁት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ካልቆመች ትቀራለች። ይኸው ነው።

ጥቅምት 6

እማዋይሽ ነገ መጥቼ አያለሁ ብላ ላከችብኝ። ነገ? ለምን ነገ?

ጥቅምት 7

መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኋት? በቅሎ እንድትጎትታት?»

«እማ፣ ዝም ብለሽ እይ» አለች ያምሮት።

ወደቀች። ደግማ ወደቀች። ቀጥሎ ውሀ ጠጥታ እያሳላት ወጣች። እማዋይሽ ብድግ አለች።

«በቃ! አንተ ይርሳው፣ ልጄን ለዓሣ ልትድራት ነው? ወደ ቤት!»

ያምሮት ጀርባዋን ሰጥታን ውሀውን ታያለች። ታልቅስ አታልቅስ አልለየሁም፣ ፊቷ እርጥብ ነው። እማዋይሽ ከኋላዋ ሄዳ «ሂጅ!» ብላ በሁለት እጇ ገፋቻት።

ግራ እግሯ ወጣ።

አየሁት። በዓይኔ።

«እታለም፣ ድገሚያት!»

«ምኑን?»

«ግፊያት!»

«አብደሃል?»

«ልጅሽ ግራ ናት! እኔ ስገፋት አውቃ ነው ቀኟን ያወጣች። እንዲያ አድርገሽ አሳድገሻታላ!»

እማዋይሽ አማተበች። «በግራ? መንገድ በግራ ይጀመራል? ያን የሚያህል ባሕር፣ በግራ?»

እኔስ በግራ እግሬ ከቤት ወጥቼ አውቃለሁ? ወንድምአገኝም አንገቱን ደፋ። የተናገረች ያምሮት ናት፣ ቀስ ብላ።

«እማ፣ በቀኝ ልውደቅልሽ ወይስ በግራ ልቁምልሽ?»

እማዋይሽ ውሀውን አየች፣ አየች... ከዚያ ለእኔም ለእሷም ሳይሆን ለወንድምአገኝ፣ «በል በቅሎዋን ንዳት» አለችው።

ተኛች። ቀዘፈች። በቅሎዋ ሮጠች። ግራ እግሯ ከፊት ገባ... ቆመች። እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ እስከ ግድቡ ጫፍ ቆማ ሄደች! መቆም ያቃታት ገመዱን በጥሳ ያመለጠች በቅሎዋ ናት፣ ወንድምአገኝ ከኋላዋ እየሮጠ እስከ ማሽላው ማሳ ድረስ።

እማዋይሽ እልል አላለችም። «ነይ ውጪ፣ ብርድ ይመታሻል» አለች። ነጠላዋን አውልቃ አልብሳት እሷ በቀሚሷ ብቻ ሄደች።

ጥቅምት 27

ከባሕር ዳር ደወለች። አልፋለች!

«አጎቴ፣ የነሱ ጣውላ እኮ እንደ ላባ ነው!»

«የኔስ?»

«የእርስዎማ በር ነበር!»

ስቄ ስቄ ተቀመጥሁ። ከዚያ ተነሣሁ። ደጅ ወጣሁ፣ ገባሁ። ልትሄድ ነው ማለት ነው? ለዚሁ አይደል ስለፋ የከረምሁት? ታዲያ ምን ሆኛለሁ?

ኅዳር 10

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ተብሎ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ቀልድ ፈለግሁ። አንድም አልመጣ። ለቅሶ ቤት ሰው አስቃለሁ የምባል እኔ፣ የያምሮትን ሻንጣ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው ሳቀያይር ቆየሁ።

ረዳቱ ያምሮትን ከበሩ መለሳት። «ወንበር አልቋል፣ ነገ!»

ነገ መንገዱ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? እማዋይሽ በሰው መሀል ተሹለክልካ በሩን ያዘች።

«አስገባት የኔ ልጅ። ውሀ ላይ የቆመች ልጅ፣ መኪና ላይ መቆም ያቅታታል?»

ነገሩን የሚያውቁት የማንኩሳ ሰዎች ሳቁ፣ የማያውቁትም ሳቁ። አንድ ሽማግሌ «ነይ ልጄ፣ ተጠጋግተን እንቀመጣለን» አሉ። ረዳቱም እየሳቀ ሻንጣውን ከእጄ ተቀበለኝ።

መኪናው ወጣ። ከዓይናችን እስኪሰወር ቆምን።

«ምነው አንተ፣ ቀልድ አለቀብህ?» አለችኝ እማዋይሽ።

ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ስትጨርስ ነጠላውን ተቀበልኋት፣ ለራሴ ዓይን።