ጣውንትሽ ለሙት ዓመትሽ የጠመቀችው

ውዷ ወርቄ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ስንፍና ይዞኝ ነው ብለሽ እንዳትፈርጂብኝ፤ የሚነገር ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ዶሮዎችሽ ሠልጥነዋል፤ እነሱ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ዱካው ላይ። የጠላ ጋንሽን እህትሽ ወስዳዋለች። ጣውንትሽም አለች። መቼም ለኤሌክትሪክ የቢራ መጥመቂያዬ ይህን ስም ያወጣሽላት አንቺ ነሽ። ብቅሉን በሙቅ ውኃ የምትዘፈዝፍ፣ በፓምፕ የምታዘዋውር፣ የምታፈላ፣ ሁሉን በአንድ ድስት የምትጨርስ ሴት ካመጣህ እኔ ምን ቀረኝ ብለሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽ። እኔም ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር አይደለሁ? ቴርሞሜትሬን ይዤ ስዞራት እውል ነበር። ያንኑ ቴርሞሜትር ድፍድፍሽ ውስጥ ብነክር በማማሰያ ያባረርሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል?

ሆስፒታል ሳለሽ፣ በሙት ዓመቴ ቢራ በሳጥን ተደርድሮ እንዳላይ፣ የሚጠጣው እዚሁ ቤት ይጠመቅ ብለሽ አስማልሽኝ። ማልኩ። ጠላ መጥመቅ እንደማልችል ትዝ ያለኝ ከማልኩ በኋላ ነው። እህትሽ የእድር ሴቶች ይጥመቁ ብትል እምቢ አልኩ። የማልኩት እኔ ነኛ።

ስለዚህ ወር ሲቀረው ከሳጉሬ ገበያ የገብስ ብቅል ገዝቼ ወፍጮ ቤት ወሰድኩ። ባለ ወፍጮው «ጋሼ፣ ለጠላ ነው?» አለኝ። አንቺን እያሰብኩ አዎ አልኩት። እንደ ጠላ ብቅል አልሞ ፈጨልኝ። ለጣውንትሽ ግን ብቅል ይሸረከታል እንጂ አይልምም፤ ገለፈቱ ነው ወንፊት የሚሆናት። ይህን ለተማሪ ሁለት ሰዓት ማስረዳት እችላለሁ። ዱቄቱን ግን ዘርግፌ ከተትኩት። ጠጠረ፣ ፓምፑም አቃስቶ ቀጥ አለ። ጎረቤታችን አደ ጫልቱ ድምፁን ሰምተው መጡ፤ ክዳኑን አነሱና «ይሄማ ገንፎ ነው መምህር! ቅቤ ላምጣ እንዴ?» አሉኝ።

ፓምፑን ስፈታው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የጌሾ እንጨት። እኔ ቢራውን ለማምረር የምጨምረው የፈረንጁን ጌሾ፣ ሆፕስ የሚሉትን ነው፤ ጌሾ አስጠግቼባት አላውቅም። ቀና ብዬ አደ ጫልቱን ሳያቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይስቃሉ። ለካ እኔ ሳጉሬ በሄድኩ ቁጥር አንቺ ጌሾሽን በጣውንትሽ ታፈይ ኖሯል! «ጭስ የላትም፣ ዓይኔን አሳረፈችልኝ፤ ለሱ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለሽ ነበር አሉ።

ወርቄ! ያ ሁሉ ኩርፊያ!

ሳቅኩ። ከቀብርሽ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሲዞርብኝ አደ ጫልቱ ገለባ ላምጣ ብለው ወጡ። እውነትም የታጠበ የገብስ ገለባ ይዘው ተመለሱ። ከገንፎው ጋር ስናማስለው ውኃው መንገድ አገኘና ኩልል ብሎ ወረደ። ሆፕሱን ወደ ጎን ትቼ ያንቺን ጌሾ አፈላሁበት።

ቀኑ ደርሶ እንግዳው ብርጭቆውን ሲያነሳ ፈራሁ። ቢራ ነው እንዳይሉት ጌሾ ጌሾ ይላል፣ ጠላ ነው እንዳይሉት አረፋው እስከ አፍንጫ ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ትችታቸውን የምታውቂው ሰውዬ፣ ሁለተኛ አስቀዱና «ማን ነው የጠመቀው?» አሉ። እኔ ስለ ሙቀቱና ስለ እርሾው የምደሰኩረውን ሳምንት ሙሉ ስለማመድ ከርሜያለሁ።

«ወርቄ» አልኩ።

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር፤ አንድም ሰው አላረመኝም።

እኔ እስካለሁ በየዓመቱ እዚሁ ቤት ይጠመቃል። ማን ጠመቀው ሲሉኝ ያንኑ እመልሳለሁ፤ ጠያቂ የጠፋ ዓመትም ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ባልሽ