የኢክራም አውራ ጣት

ወንድሜ ሁዘይፋ፣ አሰላሙ አለይኩም። ጅዳ ከነቤተሰብህ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከዚህ ከላላ መገጣጠሚያዬ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ካዛንቺስ ያለው ቻይናዊ ሐኪም መርፌ ሲሰካልኝ ሕመሙ ረገብ ይላል፤ ትከሻዬ ግን ዛሬም ልብስ ሳሰጣ ይወልቃል። የሰውነት እንቅስቃሴ አሰልጣኜ ሀዊ ደግሞ «በቃ፣ ሳይደክምሽ እረፊ» እያለች ከሕመሙ ጋር መኖር ታለማምደኛለች። ምነው በልጅነቴ ባገኘኋት!

የልጅህ የኢክራም ፎቶ ደረሰኝ። አውራ ጣቷን አጥፋ ክንዷን ስታስነካ እንግዶቹ ያጨበጭቡላታል። እኔም እንደሷ ሳደርግ እማዬ ጎረቤቱን ጠርታ ታስጨበጭብልኝ ነበር፤ ታስታውሳለህ? እባክህ፣ ለእንግዳ አሳዪ አትበላት። ለዒድ ስትመጡ ሐኪሜ ጋ ይዣት ልሄድ አስቤያለሁ፤ ያው እግረ መንገዳችንን ነው።

አላህ ይጠብቃችሁ። ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ስታነሳት ግን እጇን ይዘህ አትጎትታት።

እህትህ ሰብሪና