አርባዋ ሳይወጣ

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዘመሮ

ልጄ ዳምጠው ዛሬም ሲያነብ ዋለ። ሰኞ ስሎቬንያ ወደምትባል ትንሽ የአውሮፓ አገር ሄዶ አንድ ዓመት ግዕዝ ያስተምራል። ስለዚያ አገር የማያውቀው ነገር የለም። ንብ አናቢው ብዙ ነው አለኝ። ተራራቸው ግን የመንዝን አያክልም አለኝ። እኔ ምስሬን እለቅም ነበር።

ከዚያ በስልኩ ፎቶ አሳየኝ። በዓመት አንድ ቀን አገሬው ወደ መቃብር ወጥቶ በየመቃብሩ ላይ ሻማ ያበራል። «አያምርም፣ እማዬ? የሞተባቸውን ሰው አይረሱም» አለኝ።

እህቱ ፀዳለ ከሞተች ገና ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። የተቀበረችው ከቤታችን በላይ ካለችው ማርያም ነው፤ ደወሉ አልጋው ድረስ ይሰማዋል። ከቀብሯ ቀን ወዲህ ግን ግቢውን አልረገጠም። አርባዋም ሳይወጣ ሊሄድ ነው።

«የባዕዱን መቃብር ባሕር ማዶ ድረስ አየህ። የእህትህ በምን ራቀህ?» አልኩት።

መጽሐፉን ዘጋ። «እዚያ ሄጄ ካየኋት መሄድ ያቅተኛል፣ እማዬ» አለኝ።

«ያቅትሃ! ቢያቅትህ ምን ይጎድልብሃል?»

ቲኬቱ ተቆርጧል አለኝ። ቀኑን ማዛወር አይቻልም አለኝ። አንገቱን ደፍቶ እንደገና መጽሐፉን ገለጠ።

እኔ አልጮኽኩም። ሐዘን ላይ ነች፣ አእምሮዋን ስታለች እንዳይለኝ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። አሁን ስጽፈው ግን ይብስ ያንገበግበኛል። ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል ነው ያለኝ። እዚህ የሚጠብቀው ሰው የሌለ ይመስል።